ትሪው የወደቀበት ሰከንድ

ሦስት ካርድ ሰጠኝ ረድዋን፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣
የደንገጎን ጥምዝ በሚኒባስ ወርዶ፣ አቧራ ጠጥቶ።
«ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት፣ አንዲት ሙሽራ፣ ሦስት ካሜራ፤
ለሐሙስ ይድረስ» ብሎ ሄደ፣ ሊይዝ ሌላ ሥራ።

ከዚራ ነው ክፍሌ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ማዶ፤
ቬንቲሌተሩ ይዞራል፣ ሙቀት ከሙቀት አዋህዶ።

ሦስቱን ደረደርኳቸው፣ አንዱን ካንዱ በታች፤
ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል፤ ፀሐይ ግን አንድ ነበረች።
አንደኛው በፈረንጅ ቆጥሮ፣ አራት ሰዓት ነው ይላል፤
ሁለተኛው በሐበሻ፣ አሥር ነው ብሎ ይምላል፤
ሦስተኛው ባትሪው ሞቶ ስለተነሣ፣ ዘመን ጠፍቶበታል፣
ሙሽራዋ ገና ያልተወለደችበት ሌሊት ላይ ቆሟል።

ሰዓት አያስታርቅም። እኔ የማምነው ኳኳታ፣
የሆነ ነገር ሲወድቅ፣ ሲሰበር፣ ወይ ሲመታ።
ይኸው፦ የናስ ትሪ፣ ከአንዲት ልጅ እጅ አምልጦ፣
ከነብርጭቆው ወርዶ፣ ቀዩ ወለል ላይ ተፈጥፍጦ፣
በሦስቱም የድምፅ መስመር እንደ ሹል ጋራ ቆሟል።
ጫፉን ከጫፉ አጋጠምኩ፤
በዚያች ሰከንድ ላይ
ሦስቱን ሠርግ አንድ አደረግኩ።

ረድዋን ፊት ለፊት ነው፤ የሚያየው ሙሽራዋን፣
የአንገቷን ወርቅ፣ በሂና ያበበ መዳፏን።
ሐምዲ በቀኝ ቆሟል፤ የሚያየው አባቷን፣
አቶ ዘከሪያን፣ ሲስቁ፣ የወርቅ ጥርሳቸውን።
ሦስተኛው ሰው የለውም። በሦስት እግሩ ተተክሎ፣
ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሰፌዶች ሥር ተጥሎ፣
ጀርባ ነው የሚያየው፦
የሙሽራዋን ትከሻ፣ የእናቷን ማጅራት፣
ነደባው ጫፍ ላይ የቀረች አንዲት ነጠላ ጫማ።

ሥራዬ ቀላል ነው። ትሪው ሲወድቅ ወደ አባት፤
ሳቅ። ወደ እንግዶቹ፤ ሳቅ። ከዚያ ሙሽራዋ፣ ዘፈን።

ግን የሦስተኛውን ጆሮ ለብቻው ብሰማው፣
ከሳቁ ሥር አንድ ቃል አለ፣ እዚያ ማንም ያልሰማው።
የእሷ ድምፅ ነው። ረድዋን ወደ ትሪው ዞሯል፣
ሐምዲ ከጥርሱ ጋር ነው፤
ከንፈሯን ማንም አልቀረጸው።
ሐረሪኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታ አላልፍም።
መቶ ጊዜ መለስኩት፤ ይሰማል፣ አይገባኝም።

ኒዕማን ጠራኋት፣ ታች ጨርቅ የምትሸጠውን፣
የጀጎል ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ላይ ደፋሁ ማዳመጫውን።
ሰማች። ሳቀች።
«ጫማዬ ጠበበኝ ነው ያለችው!»
እኔም ሳቅሁ። ያቺ ነጠላ ጫማ ትዝ አለችኝ።
«ቆይ፣» አለች። «ድገመው።»
ደገምኩ።
«ድገመው።»
ደገምኩ።
ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን በጣቷ ጠቀለለች።
«ጫማዬ ነው» አለች እንደገና፣ አሁን ግን ሳትስቅ።
«ቁረጠው።»
ደረጃውን እየወረደች ነበር፤ ድምጿ ብቻ ተመለሰ፦
«አይ፣ ተወው።»

ማታ አቶ ዘከሪያ ደወሉ።
«ትሪዋን እንዳትረሳ፣ አውጣት። ሰው ይስቅብናል።»
እሳቸው ራሳቸው ስክሪኑ ላይ ከሁሉ በላይ እየሳቁ ነበር፣
በዝግታ፣ ፍሬም በፍሬም፣
አፋቸው ለመዘጋት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀበት።

አወጣኋት። ልጅቷ ባዶ እጇን ቀረች፤
ብርጭቆው ሳይሰበር ሰው ሁሉ ዞሮ ይስቃል፣
በምን እንደሚስቅ ሳይታወቅ።

ሐሙስ ረድዋን መጣ፤ ፍላሹን ደረት ኪሱ ከተተ።
«ትሪዋስ?»
«ወጥታለች።»
«ድምጿስ?»
የማንን ድምፅ እንደጠየቀኝ አላወቅሁም።
ቀና ብዬ ቬንቲሌተሩን አየሁት።
መብራት ሄዷል፤ እሱ ግን
በያዘው ፍጥነት ገና ይዞራል።